ሞልታ ያልሰጠመችው የወይዘሮ ደብሪቱ ታንኳ

ግድቡ በሞላ በሦስተኛው ዓመት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ኅዳር፣ የዘመሮ ከተማ መብራት ሄዶ በተመለሰና እንደገና በሄደ በማግሥቱ፣ መዋዒተ ማይ፣ እመ አሥራ ሁለት ጀሪካን፣ ባለብዙ በግ፣ ባለጥቂት ትዕግሥት ወይዘሮ ደብሪቱ ታንኳቸውን ከመስጠም ሊያድኑ ተነሡ። ንጽሐፍ እንከ ዜናሃ፤ ሳናስረዝም፣ ገብሱ ደርሷልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመስኖው ግድብ ሲሞላ ቤታቸው ወዲህ፣ የገብስ ማሳቸው ወዲያ ማዶ ቀረ። ቆመው ያዩታል፤ አይደርሱበትም። በእግር ልዙር ያለ ገደሉን ወርዶ ወጥቶ፣ አህያውን እየነዳ፣ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ ዝዋይ አሳ አስጋሪዎች ዘንድ ወጥ ሲሠሩ አምስት ዓመት የኖሩት፣ ሸራና ነፋስ እንዴት እንደሚግባቡ ያዩት ወይዘሮ ደብሪቱ ባላቸውን አናጢውን አባይነህን አዘዙት፤ እርሱም ከጥድ ሳንቃ ታንኳ ሠራ፤ ከማዳበሪያ ከረጢት ሸራ ሰፋ፤ ወኮነ በመጀመሪያው ጉዞ የመንዝ ነፋስ መጥቶ ታንኳዋን አጋደላት፤ ውሃ ገባ፤ ወተሰጥመት ሐመር፤ አባይነህም ሸራውን እንደ ጋቢ ተከናንቦ በዳር በኩል ወጣ፤ ታንኳዋም ኋላ ተጎትታ ወጣች።

ይህን ያዩት የውሃ ኮሚቴው ሊቀ መንበር፣ ባለረዥም ከዘራው አቶ ኪዳነ ወልድ፣ ዳር ላይ ቆመው አዋጅ አስነገሩ፤ «አንቺ ደብሪቱ፣ ስሚ። ሰው ሳይሞት እንነጋገር። ቅዳሜ ረፋድ ታንኳሽን አምጪ፤ ፊታችን ውሃ እንሞላታለን። ሞልታ ካልሰጠመች ተሻገሪባት። ከሰጠመች ሳንቃዋ ለኮሚቴው መጋዘን በር ይሆናል፤ በር እንደሌለው ታውቂያለሽ።»

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ገብሱ ነጥቷል። በጓሳ ተራራ በኩል ደግሞ ያለ ወሩ ጥቁር ደመና ይጠራቀማል።

ወእምዝ ወይዘሮ ደብሪቱ ጉባኤ ጠሩ። ጥያቄው አንድ ነው፤ ውሃ ሲገባ ታንኳዋን ወደ ላይ የሚይዛት ምን ይሁን? የተገኙትም እነዚህ ናቸው፤ አባይነህ፣ ጌታ መዶሻ፣ አንድ ጊዜ ሰጥሞ የወጣ፤ አመተሥላሴ፣ የአባይነህ እኅት፣ ከምንጭ ውሃ በመቅዳት የሚወዳደራት የሌለ፤ ምንተስኖት፣ ጎረቤት፣ ማንም ያልጠራው፤ አንድ አህያ።

ያልተጠራው ቀድሞ አወጀ፤ «እትዬ ደብሪቱ፣ በግ ቀኑን ሙሉ ዝናብ ሲወርድበት ይውላል፤ ጠጉሩን ገለጥ ቢያደርጉት ውስጡ ደረቅ ነው። እኔስ የበግ ጠጉር ባናዬን ደርቤ ስንት ክረምት አሳለፍኩ፤ ውሃ አልፎኝ ያውቃል? የበግ ጠጉር ይጠቅጠቅባት።»

ጉባኤው ተረታ። መንዝ ላይ ስለ በግ ጠጉር የሚከራከር የለም። ወይዘሮ ደብሪቱ ግን ሳይፈትኑ አያምኑምና አንድ ጆንያ ጠጉር በርሜል ውሃ ውስጥ ጣሉ። ለጊዜው ተንሳፈፈ፤ ምንተስኖት ፈገግ አለ። ሽንኩርት ከትፈው ሲመለሱ ጆንያው የለም። ለሦስት ጎትተው አወጡት፤ ጠጉሩ ከበጉ ከብዶ ተገኘ። የወይዘሮ ደብሪቱ አዋጅም ወጣ፤ «በጉ የማይርሰው ዝናቡ ስለሚንሸራተትለት ነው እንጂ ዋና ስለሚችል አይደለም። ሂድና አስጣው።»

ቀጥሎ የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣው፣ ሲፋተግ ጥርስ የሚያንቀጫቅጨው ነጭ ቀላል ነገር ከዘመሮ መጣ። እርሱስ አልሰጥምም አለ፤ ድንጋይ ቢጭኑበት ድንጋዩን ጥሎ ወጣ። ግን ሁለት ቁራጭ ብቻ ነው። የፊት ጫፏ ውስጥ ተሸጎጠና ጉባኤው ወደ ጭንቀቱ ተመለሰ።

ሐሙስ ጠዋት አመተሥላሴ በግድቡ ዳር ስታልፍ ባዶ ቢጫ ጀሪካኗ ከእጇ አምልጦ ውሃው ላይ ወደቀ። ነፋሱ እየነዳ ወሰደው፤ ማዶ፣ ገብሱ ሥር አደረሰው። ወይዘሮ ደብሪቱ አዩት። ከዚያ በየቤቱ ላኩ።

ጀሪካኖቹም ገቡ፤ ከራሳቸው ከወይዘሮ ደብሪቱ ጓዳ አራት፣ ዘይት የጠገቡ፤ ከወፍጮ ቤት አራት፣ ዱቄት የለበሱ፤ ከአመተሥላሴ ሁለት፣ ክዳናቸው ሙሉ፤ ከቄሱ ቤት አንድ፣ ጠላ ጠላ የሚል፤ ከምንተስኖት አንድ፣ ክዳን የሌለው። እያንዳንዱ ውሃ ውስጥ እየተደፈቀ አየር ማስወጣት አለማስወጣቱ ታየ፤ የምንተስኖት አፉ በጎማ ቁራጭ ተጠርቅሞ በሽቦ ታሰረ። ባለቤቱም እንዲሁ ቢደረግ የሚል አሳብ ቀርቦ ነበር።

ዓርብ አባይነህ አሥራ ሁለቱን በታንኳዋ ሆድ ደርድሮ ማለቁን አወጀ። ውሃ ሞሏት። ወእምዝ አሥራ ሁለቱ ጀሪካኖች፣ ጌታቸው ሲወድቅ እንደሚሸሹ መኳንንት፣ አንድ በአንድ ብድግ እያሉ ወጡና በውሃው ላይ ተበተኑ፤ ወተሰጥመት ሐመር ዳግመኛ። የምንተስኖት አዋጅ፤ «ለመጋዘኑ በር ማጠፊያውን እኔ አዋጣለሁ።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። መንሳፈፉንስ ችለውበታል፤ ታንኳዋን ይዘው መንሳፈፍ ነው ያልተማሩት። መታሰር አለባቸው። በምን? የናይሎን ገመድ ዘመሮ ነው፤ ገበያውም አልፏል። ቤት ያለው የአህያው መጫኛ ብቻ ነው፤ ከጓሳ ሣር የተገመደ፣ ረዥም፣ ውሃ ሲነካው ይበልጥ የሚጠብቅ። እርሱ ከተቆረጠ ግን አህያው አይጫንም፤ አህያው ካልተጫነ በገደሉም መንገድ ገብስ ቤት አይገባም። ታንኳዋ ቅዳሜ ከሰጠመች ዘንድሮ ገብስ የለም።

አባይነህ ቢላውን ወደ ኋላው ደበቀ። ወይዘሮ ደብሪቱ እጃቸውን ዘረጉ። ሰጣቸው። መጫኛውን አሥራ ሁለት ቦታ ቆራረጡት።

አራቱ ጀሪካን ከመቀመጫው ሥር፣ ሦስት ሦስቱ በግራና በቀኝ ከፍ ብለው፣ ብታጋድል ራሷ እንድትመለስ፣ ሁለቱ ከኋላ፣ ሁሉም ከሳንቃው ጋር ተጠፍረው ታሰሩ። አህያው ቆሞ አየ።

ቅዳሜ ረፋድ አቶ ኪዳነ ወልድ ከነኮሚቴያቸው፣ የበሩን ልክ የሚወስዱበትን ሜትር ይዘው መጡ። በባልዲ ሞሏት። ወረደች። አሁንም ወረደች። ከንፈሯ ከውሃው እኩል ሆነ። የጓሳ ሣሩ ገመድ ውሃውን ጠጣ፣ ጠበቀ፣ ሲጥ አለ። ታንኳዋ እዚያው ቀረች።

የአቶ ኪዳነ ወልድ አዋጅ፤ «ምንተስኖት፣ ግባ።» ገባ። እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ተቀመጠ፤ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልሰጠመም። ሁለተኛው አዋጅ፤ «አየን። ትሻገር።» ሜትሩንም ኪሳቸው ከተቱ።

ያን ዕለት ውሃዋ ተጨልፎ ሸራዋ ወጣ፤ ማዶ ሲደርሱ የአመተሥላሴ ጀሪካን ቆሞ ሲጠብቃቸው ተገኘ። ሰኞ ሳይመሽ የመጨረሻው ነዶ ተሻግሮ ተከመረ፤ ክምሩም ተከደነ። ማክሰኞ ዝናቡ ወረደ። ባዶ ማሳ ላይ ወረደ።

ጀሪካን ያዋጡትም ውሃ መቅጃ አጥተው ሊጠይቁ መጡ። የወይዘሮ ደብሪቱ የመጨረሻ አዋጅ ይህ ነው፤ «ጀሪካን አይመለስም። የሰጠ ሁሉ ግን ከነጭነቱ ያለ ተራ ይሻገራል። ምንተስኖት የሰጠው ክዳን የሌለውን ነው፤ እሱ ውሃ በጣሳ እየጨለፈ ይሻገር።»

ስለዚህ በግድቡ ዳር ስማቸው ሲጠራ እንዲህ ይባላል፤ መዋዒተ ማይ፣ መጫኛ ቆራጯ፣ ነፋስ አዛዧ፣ ማዶን ወዲህ ያመጡ፣ ሞአት በግዕት ዘእምነገደ መንዝ። ክብራቸው እንደ ታንኳቸው ነው፤ ቢሞላም አይሰጥም። መጋዘኑም እስከ ዛሬ በር የለውም።