ከተማ የገባበት እድር

ሰው ከተማ ገባ ሲባል ሰምታችኋል። ከተማ ራሱ ተነሥቶ ሰው ቤት ሲገባ ግን ማንም አስቀድሞ አይነግራችሁም። የተወለድኩበትን ሰፈር ያረዳው አንድ ታፔላ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ከሰፈሩ ማዶ ተተክሎ ተገኘ፣ የጂማ ከተማ ድንበርም እዚያ ደርሶ ነበር።

ሰፈሩ መፈልፈያ ይባላል። ከጂማ ወደ የቡ በሚወስደው መንገድ ላይ የቡና መፈልፈያ ተተከለ፣ ዙሪያውን ሠራተኛ ሰፈረ፤ ታሪኩ ይኸው ነው። የጀንፈሉ ገለባ ብናኝ የማይገባበት ስላልነበረ ነጭ ነጠላን የምናውቀው በስም ነው። ጂማ ቅርባችን ብትሆንም "ከተማ ደርሼ ልምጣ" ብለን፣ ጫማ ቀይረን ነበር የምንሄደው። ከተሜ ደግሞ ድንኳን አይተክልም፣ ለቅሶ አይቀመጥም ተብሎ ስለሚታመን፣ የእድራችን ደንብ "ወደ ከተማ የገባ አባል ይሰረዛል" ይላል። በሕግ አምላክ ሲባል፣ እንኳንስ ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል።

አባቴ ዕድሜውን በመፈልፈያው ጆንያ ሲሸከም ኖሮ ጉልበቱ ሲደክም፣ ጂማ መሐል፣ ሄርማታ እኔ ቤት አመጣሁት። በወሩ ተሰረዘ። ምግቡንም ጨዋታውንም ተወ። ስንቱን ተሸክሜ ቀብሬ እኔን ማን ሊሸከመኝ ነው ይላል። እኔ አለሁ ስለው ትከሻዬን አየት ያደርጋል። ተከፋሁ፤ ግን እውነቱን ነው።

ታፔላው እንደቆመ አባቴን በባጃጅ ይዤ የእድሩ ስብሰባ ላይ ከች አልኩ። ደንቡ ይነበብልኝ አልኩ፤ ጸሐፊው አቶ ደምሴ አነበቡ። በዚህ ደንብ ከሄድን፣ ዛሬ እዚህ ከተቀመጣችሁት አንዳችሁም አባል አይደላችሁም አልኳቸው። አቶ ደምሴ ቀስ ብለው እስክሪብቷቸውን ከደኑ፤ እሳቸውም ተሰርዘዋላ።

ሊቀመንበሩ አባ ዱራ ጢማቸውን እያሹ፣ "ወላሂ እኛ የትም አልሄድንም፤ ከተማው ነው የመጣው። የሚሰረዝ ካለ እሱ ይሰረዝ" አሉ። ተጨበጨበ። የስንት ቀን ዝግጅቴን ውሃ በላው።

ይኼኔ አባቴ ዱላውን ተደግፎ ተነሣ።

"አባ ዱራ፣ እኔም ጥያችሁ አልሄድኩም። ቀደም ብዬ መንገድ ላይ ጠበቅኋችሁ እንጂ። ይኸው ደረሳችሁ።"

አባ ዱራ እስኪያስላቸው ሳቁ። "ኤዬ፣ እውነቱን ነው፤ ጻፈው ደምሴ" አሉ። አባቴ የተጻፈውን ስሙን በጣቱ ዳሰሰና አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ለቅሶ አያመልጠውም። ባለፈው ሳምንት ዝናብ ነው፣ ጉልበቱንም አሞታል፣ ዛሬስ ቢቀርስ ብዬ ለመንኩት። ሄርማታ መሐል፣ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ባጃጅ እየጠራ፣

"ከለቅሶ የሚቀረው ከተማ የገባ ሰው ነው" አለኝ።