ሙት ዓመቱ ሳይሞላ

ጥድ አፋፍ የነደደው በበጋ ነው። የለኮሱት ሰዎች እስከ ዛሬ የሚከሱት ነፋሱን ነው። እሳቱ ጫካውን ጨርሶ ወደ መንደሩ ወረደና ከቤቶቹ የሚበዙትን በላ። ሰዉ ዘመድ ወዳለበት ተበተነ። ከወይዘሮ ትርንጎ ጋር ከአፋፉ ሥር ዳስ ጥለው የቀሩት ጥቂቶች ናቸው።

ከወረዳ የመጣው የደን ባለሙያ አቶ ጌጡ ተራራውን ዞሮ አየና የመጣበትን ሳይሸሽግ ተናገረ።

«ይህ መሬት ሞቷል፣ እማማ። ክረምቱ ሲወጣ እመለሳለሁ። አረንጓዴ ነገር ካላየሁ ተመንጥሮ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል፤ እናንተም ቆላ ወርዳችሁ ትሰፍራላችሁ።»

«ሞቷል ብሎ የነገረህ ማን ነው ልጄ?»

«ዐይኔ ነዋ!»

«እንግዲያው እስኪበራለት እንጠብቃለን» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ።

ጥድ አፋፎች ለተቃጠለ ዛፍም እንደ ሰው ሐዘን ይቀመጣሉ። ሙት ዓመቱ ሳይሞላ የቆመ ግንድ አይቆርጡም፤ ዐመዱንም አይነኩም። የወይዘሮ ትርንጎ የወንድም ልጅ ደመላሽ ግን የእንግዳው መመለስ አሳሰበው።

«እትዬ፣ ይህን ሁሉ ጥላሸት ይዘን ልንቀበለው ነው? ያሳፍራል እኮ!»

«ያጠለሸን ይፈር።»

አልሰማቸውም። ጎረምሶች አስተባብሮ የአፋፉን ግራ ጎን አጸዳ። ጥቁሮቹን ግንዶች ጣለ፤ እሳቱ እስኪመጣ በሙጫ ተጣብቀው እንደ ቡጢ ተጨብጠው የኖሩትን ፍሬዎች ለቅሞ ማገዶ አደረገ፤ ዐመዱን ጠረገ። ጎኑ እንደ ተላጨ ራስ አማረ። ወደ ቀኙ ሲሻገር ወይዘሮ ትርንጎ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መሬት ላይ ተቀምጠው አገኛቸው።

«ለቅሶ ላይ ነኝ። መጥረቢያህን አስቀምጠህ ድረሰኝ።»

አስቀመጠና አጠገባቸው ተቀመጠ።

ክረምቱ ገባ። የጸዳውን ጎን ጎርፍ አጥቦ ወሰደው፤ ድንጋዩ አገጠጠ። በቀኙ በኩል ግን የፍሬዎቹ ቡጢ በእሳቱ ቀን ተፈትቶ የበተነው ዘር ሳይነካ ዐመዱ ውስጥ ቆይቶ ነበር። የአፋፉ ጥድ በደኅና ጊዜ ዘሩን ጨብጦ ይይዛል፤ የሚበትነው ሲነድ ነው። የቆሙት ሙታን ለበቀለው ጥላ ሆኑት፤ የወደቁት ጎርፉን ገደቡለት፤ ዐመዱም መገበው። ዝናቡ ሲያባራ የተበተነው ሰው አንድ ሁለት እያለ ይመለስ ጀመር፤ አንዳንዱም ጥድ አፋፍን ያላየ ሕፃን ታቅፎ።

«ግራው ጎንስ፣ እትዬ?» አለ ደመላሽ አንገቱን ደፍቶ።

«ጥዱ ከቀኙ ይሻገርለታል። አንተ ብቻ አትጥረግ።»

አቶ ጌጡ በቀጠሮው መጣ። ከጥቁሮቹ ግንዶች ሥር፣ ከዐመዱ ውስጥ፣ ጣት የማያክሉ ጥዶች ጢም ብለው በቅለዋል። ባርኔጣውን አውልቆ ተንበረከከና አንዱን በጣቱ ዳሰሰ። ከበታቹ የአዲስ ቤት ማገር የሚመቱ ሰዎች ድምፅ ይሰማል፤ ሕፃናት ይንጫጫሉ።

«ይህን ሁሉ ማን ተከለው፣ እማማ?»

ወይዘሮ ትርንጎ አዘቅዝቀውት የነበረውን ነጠላ አቃንተው ለበሱና ወደ መንደሩ ዞረው አዩ።

«ማንም አልተከለን» አሉ። «እዚሁ ነበርን።»