ክቡር እንዳይበላሽና ሃያ አራቱ መስኮቶች

በዚህ አገር አዲስ ዕቃ የለም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። ሞልቷል። ብቻ አልተከፈተም።

ያቤሎ ያለችው አክስቴ ሶፋ ከገዛች ዘጠኝ ዓመት ሆናት፤ ላስቲኩ ዛሬም አልተገፈፈም። እንግዳ ብድግ ባለ ቁጥር ላስቲኩ ሱሪውን ይዞ አለቅም ይላል። ሜጋ ከተማ ላይ አውቶቡስ ቆሞልን ምሳ የበላንበት ቤት ደግሞ የእጅ መታጠቢያው ከነካርቶኑ ጥግ ላይ ተገትሯል፤ እኛ በጆግ ታጥበን በላን። በየቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየቀበሌው፣ የተሠራ ነገር ሥራ እንዳይጀምር ሌት ተቀን የሚተጋ አንድ ሰው አለ። መልኩ ይለያያል፤ ማዕረጉ ግን አንድ ነው፦ ክቡር እንዳይበላሽ።

የእኛው ክቡር እንዳይበላሽ ጋሽ ፍሬሰንበት ናቸው። ነገሌ ቦረና፣ እኔ አማርኛ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ጎጃም ተወልደው በወታደርነት ወደዚህ መጡ፤ በጦር ካምፑ መጋዘን ጠባቂ ሆነው ኖሩ። በሰማንያ ሦስት መንግሥት ሲለወጥ ጦሩ ተበተነ፤ ጓደኞቻቸው በየአቅጣጫው ሲሄዱ እሳቸው ቀሩ። ለምን ቀሩ ቢባል፣ ቁልፉን ፈርሞ የሚረከባቸው ሰው እየጠበቁ ነበር ይባላል። ሰዉ መጋዘኑን ሰብሮ ሲገባም በሩ ላይ ቆመው "በፊርማ ውሰዱ! ኧረ ቢያንስ በፊርማ!" ሲሉ ነበር አሉ። ማንም አልፈረመም። በሁለት ሰዓት ውስጥ ከመጋዘኑ የቀረው እሳቸውና ቁልፉ ብቻ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ በእሳቸው እጅ የገባ ዕቃ ፀሐይ አይቶ አያውቅም። ለትምህርት ቤቱ የተሰጠው ሉል ላስቲኩ ስላልተገፈፈ፣ ልጆቻችን አፍሪካን የሚያውቋት ጉም ውስጥ ነው። ቬንቲሌተር መጣልን፤ "ከዞረ ይላላል" ብለው ከነካርቶኑ አስቀመጡት። ኦዲተር በመጣ ቁጥር ካርቶኑ አቧራው ይራገፍለታል፤ ኦዲተሩም "እንደ ጋሽ ፍሬሰንበት ያለ ንብረት ክፍል በዞኑ የለም" እያለ፣ ላቡን እየጠረገ ይሄዳል። ጠመኔ የሚሰጡን ለሁለት ሰብረው ነው፤ ሙሉ ጠመኔ ያባልጋል። ምን ብትጠይቋቸው መልሱ ያው ነው፦ "በፊርማዬ ነው የገባው!"

በ2008 ዓ.ም. አራት ክፍል ያለው አዲስ ሕንፃ ተሠራልን።

የድሮው ክፍላችን የጭቃ ነበር። ጭቃው እየረገፈ ጭራሮው ብቻ በቀረበት ሁሉ ነፋስ ስሙ ሳይጠራ ይገባል፣ ሳያስፈቅድ ይወጣል። ቀይ አቧራ ይዞልን ይመጣና የማነበውን ግጥም ይዞ ወደ ሜዳው ይሄዳል። አዲሱ ግን ሲሚንቶ ነው፤ በየክፍሉ ስድስት ሰፋፊ የመስታወት መስኮት። የርክክቡ ዕለት ጋሽ ፍሬሰንበት መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዞረው በመዳፋቸው ዳበሷቸው። ሃያ አራት መስኮት፣ አርባ ስምንት ማጠፊያ፣ ሃያ አራት መቀርቀሪያ፤ ፈረሙ። በማግስቱ ጠዋት ስገባ ፒንሳ ይዘው እያንዳንዱን መቀርቀሪያ በሽቦ ሲያስሩ አገኘኋቸው።

"ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"እያስቀመጥኩ።"

"መስኮት ይቀመጣል?"

"ልጅ በከፈተ በዘጋ ቁጥር ማጠፊያው ይበላል። ነፋስ ሲያላጋው መስታወቱ ይሰነጠቃል። ማን ሊጠየቅ ነው? አንተ? በፊርማዬ ነው የገባው!"

"ታዲያ አየር በየት ይግባ?"

"በር የለም እንዴ? እንደ ሰው በበሩ ይግባ!"

አየር ግን እንደ ሰው አይደለም፤ ይሉኝታ አለው። ሰባ ስምንት ልጅ የተጨናነቀበት ክፍል ውስጥ ደፍሮ አልገባ አለ። ቆርቆሮው ከላይ ይጋገራል፤ የጠመኔ ብናኝ ከፊት፣ ውሃ ሳይነካው የተጠረገ ወለል አቧራ ከታች፣ ላብና ትንፋሽ ከመሃል። እስከ አምስት ሰዓት ክፍሉ እንደተዘጋ ማሰሮ ይሆናል።

እኔ ደግሞ፣ እግዜር ይማረኝ፣ በአምስት ሰዓት ግጥም አስተምራለሁ። ድምፄን ሰበር አድርጌ የዘፈን ስንኞች ሳነብላቸው ልጆቹ ቀስ ብለው ዓይናቸውን ይከድናሉ። አንዳንዱ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፋል። ሃያ ዓመት አስተምሬ እንዲህ ያለ ተመስጦ አይቼ አላውቅም። ማታ ቤቴ ገብቼ "ነገሌ ግጥም የሚሰማ ትውልድ አፈራች" ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌያለሁ።

ይህን ተመስጦ ያፈረሰችብኝ ሲስተር ትንቢት ናት፤ ከጤና ጣቢያ ስለ ንጽሕና ልታስተምር የመጣች ነርስ። አሥር ደቂቃ ከኋላ ተቀምጣ ሰማችኝና ወጥታ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

"መምህር፣ ልጆቹ ምን ሆነው ነው?"

"ግጥሙ ነክቷቸው ነው።"

"ግጥሙ?" ሳቋን መያዝ አቃታት። "ሰባ ስምንት ሰው የተፋውን ትንፋሽ መልሰው እየሳቡት እኮ ነው! በዚህ አየር እንኳን ልጅ በሬም ይተኛል።"

ወደ ዳይሬክተራችን ወደ አቶ ሌንጮ ሄዳ በግልጽ ነገረችው፦ መስኮቶቹ ይከፈቱ፣ ወለሉ ከመጠረጉ በፊት ውሃ ይርከፍከፍበት፣ ሰሌዳው በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። አቶ ሌንጮ ራሱን እየነቀነቀ ሰማት። "ዱጋ ነው ሲስተር፣ እውነት ነው፣ ዱጋ ነው። ውሃውን አርከፈክፋለሁ። ጨርቁንም እሺ። የጋሽ ፊሬን መስኮት ግን ማን ይንካ? ስምሽን እኮ ፋይል ውስጥ ያስገቡብሻል።"

እኔም ጀግንነቴን በምችለው አሳየሁ፤ ግጥም ገጠምኩ።

መስኮቱ ታሰረ እንደ ወንጀለኛ፣
እስትንፋስ ጎደለን ፍረድልን ዳኛ።

መምህራኑ በሻይ ሰዓት በዜማ ያዙት፤ በሳምንቱ ልጆቹ ሰልፍ ላይ ያንጎራጉሩት ጀመር። ጋሽ ፍሬሰንበት ሰምተው ኮሪደር ላይ አስቆሙኝ። አለቀልኝ አልኩ።

"ዜማው ደህና ነው" አሉኝ። "ግን 'ታሰረ' አትበል፤ ተማሪ ታስተምራለህ፣ ቃል ምረጥ። 'ተጠበቀ' በል።"

እስከዚህ ድረስ ያስቃል። ኦብሴ ባትኖር ኖሮ እስከ መጨረሻው በሳቅ እዘልቀው ነበር።

ኦብሴ የስምንተኛ ክፍል ተማሪያችን ናት፤ አስም አለባት። ጎበዝ ናት፣ ዝምተኛ ናት። ክፍሉ ሲታፈን ወንበሯን አንስታ የበሩ ደፍ ላይ ታደርግና ግማሽ ጆሮዋን ለእኔ፣ ግማሽ ደረቷን ለውጪው ሰጥታ ትማራለች። አባቷ አቶ ዋቆ ከብት አርቢ ናቸው፤ ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ሲያዩ እሷ የመጀመሪያቸው ነች። የሚኒስትሪ ፈተናውን ካለፈች አክስቷ ጋር ከተማ ትቀራለች። ካላለፈች ወደ ከብቶቹ ትመለሳለች፤ ነገሩ በቤተሰብ አልቋል። ፈተና ላይ ደግሞ ደፍ የሚባል መቀመጫ የለም። በሩ ይዘጋል፤ ሁሉም በቁጥሩ ይቀመጣል። የኦብሴ ቁጥር ከኋላ ጥግ ነው፣ መስኮቱ ሥር።

ለሚኒስትሪው ሁለት ሳምንት ሲቀረው የመለማመጃ ፈተና ሰጠናቸው፤ በሩን ዘግተን፣ በደንቡ። ገና አጋማሹ ላይ ኦብሴ ተነሳች። ወደ በሩ ለመሄድ ስልሳ ጉልበት መሻገር ነበረባት፤ ስለዚህ አጠገቧ ያለውን መቀርቀሪያ ያዘች። ጎተተች። ደግማ በሁለት እጇ ጎተተች። ከዚያ በግድግዳው ተንሸራታ ተቀመጠች፤ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር።

ተሸክመን አወጣናት። ሲስተር ትንቢት በሩጫ መጥታ የሚነፋውን መድኃኒት አፏ ላይ አደረገችላት። ግቢው ሁሉ ዓይኑን ደረቷ ላይ ተከለ፤ ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ። መልሳ መተንፈስ ስትጀምር አባቷ ከገበያ ደረሱ። ጋሽ ፍሬሰንበትም ፒንሳቸውን ይዘው ደረሱ፤ "መቀርቀሪያ ተነካ" ተብሎ ተነግሯቸው ነው።

ሁለቱ ሃያ ዓመት ይተዋወቃሉ፤ ሰላምታቸው በኦሮምኛ ነው።

"አካም፣ ፊሬ" አሉ አቶ ዋቆ።

"ናጋ ነው ዋቆ።"

"እኛ ጥጃ ቤት ስንሠራ እንኳ ለትንፋሽ ቀዳዳ እንተዋለን። አንተ ይሄን ቤት የምትጠብቀው ለማን ነው?"

ጋሽ ፍሬሰንበት ወደ ክፍሉ ገቡ። ተከተልኳቸው። ሽቦው አልተፈታም፤ ጥሩ አድርገው ነው ያሰሩት። ጫፉ ላይ ግን ደም ነበረበት፤ የልጅቷን መዳፍ ቧጭሮታል። በጣታቸው ነካ አድርገው ጣታቸውን አዩ።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። አቶ ሌንጮ ሕጋዊ መፍትሔ አግኝቶ መጥቷል፦ መስኮቶቹ በሞዴል 22፣ ማለትም ዕቃ ከንብረት ክፍል ወጪ በሚሆንበት ቅጽ፣ ለአንድ መምህር ይሰጡ። ተረካቢው ይፈርም፤ ይክፈት። የተሰበረ ካለ ከደሞዙ ይቆረጣል።

"ማን ይፈርማል?"

ሠላሳ አንድ መምህር ጣሪያውን ማጥናት ጀመርን። የኬሚስትሪው መምህር ስልክ ተደወለለት፤ ስልኩ ባይጮኽም አነሳው። እኔ፣ የግጥሙ ደራሲ፣ የታፈኑ ሕፃናት ጠበቃ፣ ልክ በዚያች ቅጽበት የጫማዬን ክር ላስር ጎንበስ አልኩ። ሰንደል ነበር ያደረግሁት። ጋሽ ፍሬሰንበት ሁላችንንም አንድ በአንድ አዩን፤ ቅጹን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ።

የፈተናው ዕለት ጠዋት ግቢው ውስጥ ስገባ ሃያ አራቱም መስኮቶች ወለል ብለው ተከፍተዋል። አንድም ሽቦ የለም። ንብረት ክፍል ጠረጴዛ ላይ ቅጹ ተሞልቶ ተቀምጧል። አስረካቢ፦ ፍሬሰንበት። ተረካቢ፦ ፍሬሰንበት። ሁለት ፊርማ፣ አንድ እጅ።

"ጋሼ፣ ይሄንን ደንቡ ይፈቅዳል?"

"አይፈቅድም። ዝም በል።"

መስኮቶቹ ታስረው ስለኖሩ አንድ ነገር ማንም አላስተዋለም ነበር፤ ወደ ውጪ ሲከፈቱ የሚይዛቸው መንጠቆ የላቸውም። የነገሌ ነፋስ ደግሞ ረፋድ ላይ ሲነሳ ቀልድ አያውቅም። በሩ ተዘግቶ ፈተናው እንደተጀመረ መስኮቱ ሁሉ ይንቋቋ ጀመር። ጋሽ ፍሬሰንበት በድንጋይ የሚደገፈውን በድንጋይ ደገፉ፤ የቀረውን በእጃቸው ያዙ። ነፋሱን በአማርኛ ይሰድቡታል፤ አልሰማ ሲላቸው በኦሮምኛ ይደግሙለታል፤ ሁሉንም በሹክሹክታ፣ ልጆቹ እንዳይረበሹ።

"አንተ ገጣሚ! ምን ትገተራለህ? ያንን ያዝ!"

ያዝኩ፤ የጥጉን፣ የኦብሴን። አቶ ሌንጮም ኮቱን አውልቆ አንዱን ያዘ። ነፋሱ ከኋላችን መጥቶ ትከሻችንን አልፎ ይገባል፤ ውስጥ ወረቀቶች ጠርዛቸውን ያነሳሉ፣ የልጆቹ ጸጉር ይነቃነቃል። ሰባ ስምንቱም ነቅተዋል። ኦብሴ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች፤ ደረቷ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። እሱን ሳይ ስንኝ መጣልኝ። ጥሩ ስንኝ ነበር መሰለኝ። ቤቱን ልመታለት ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ መስኮቱ ከእጄ አመለጠ።

ግድግዳው ላይ ተላትሞ መስታወቱ ወረደ። ሙሉው።

የውስጡ ሰው ሁሉ ቀና አለ። የኦብሴ ብዕር ቆመ። ፈታኙ ወደ እኛ መራመድ ጀመረ። እኔ ስብርባሪው መሃል ቆሜ ጋሽ ፍሬሰንበት እስኪገድሉኝ ጠበቅሁ። እየሮጡ መጡ፤ ገፋ አድርገው አለፉኝና ባዶ በቀረው መስኮት ጭንቅላታቸውን አስገቡ።

"ምንም የለም! ነፋስ ነው፣ ምንም አልሆነም። አትዩን። ጻፉ፣ ልጆቼ፣ ጻፉ!"

ኦብሴ አየቻቸውና ጎንበስ አለች። ማለፏን የሰማነው በክረምት ነው፤ ያን ጊዜ የማውቀው ብዕሯ ዳግመኛ መንቀሳቀሱን ብቻ ነበር። ጋሽ ፍሬሰንበት ባርኔጣቸውን አውልቀው ስብርባሪውን እየለቀሙ ይከቱበት ጀመር፤ ልጆቹ ሲወጡ እንዳይረግጡት። ያን ያህል ስቄባቸው፣ ያን ያህል ገጥሜባቸው፣ ለመልቀም ዝቅ ያለውን ራሳቸውን ሳይ እንደ አባቴ ልስመው ቃጣኝ። ተንበረከክሁና አብሬ ልለቅም እጄን ዘረጋሁ። እጄን በእጃቸው መለስ አደረጉት።

"ይሄኛውስ ከእንግዲህ ያዥ አይፈልግም" አሉኝ። "አንተ ወደዚያኛው ሂድ።"