ማርሊ ሞተር ስትገጥም አባቷ እጁን የት ያድርገው?

የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የሮኬት ሞተር በእጁ ይንካ ወይስ አይንካ እያሉ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ልጁን ተዉት፣ አባቱን ያዙልኝ። በዚህ ሜዳ ላይ የሮኬት ክበባችን የደኅንነት ኃላፊ ሆኜ አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ ጣቱ የተለበለበ አይቻለሁ፣ ቅንድቡ የነደደ አይቻለሁ፣ ሸሚዙ በሙጫ ከጠረጴዛ ጋር ተጣብቆ በመቀስ ያላቀቅነውንም አይቻለሁ። ሁሉም ከአርባ ዓመት በላይ ናቸው። ልጅ "አምስት እርምጃ ራቅ" ሲሉት ቆጥሮ ይርቃል። አባቱ ግን "እኔን ነው?" ይላል።

ይህን የምለው ሁለቱንም ወገን ስለማውቅ ነው። ከዚህ በፊት ሃያ ሰባት ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ነድቻለሁ። የሳይንስ ትርኢት ባለበት ጠዋት በር ላይ የሚጠብቀኝ ልጁ አልነበረም፤ አባቱ ነበር፣ የካርቶን እሳተ ገሞራ ታቅፎ። "ሎይስ፣ ጉድጓዱ ላይ ቀስ በይ፣ ሙጫው አልደረቀም" ይለኛል። ልጁ ከኋላው ቆሞ ያዛጋል፤ ምን እንደተሠራለት እንኳ በቅጡ አላየውም።

ይህን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የልጁን የቤት ሥራ በራሱ የእጅ ጽሕፈት ሠርቶ ከአሥር ሰባት ሲሰጠው አስተማሪዋን ለማነጋገር ከሥራ ፈቃድ የሚወስደው ማለት ነው። "እያገዝኩት ነው" ይላል። ማገዝ ማለት በእሱ ቋንቋ ልጁን ከወንበሩ አስነስቶ መቀመጥ ነው።

የዚህ ወገን ሊቀ መንበር በእኛ የካንሳስ ወረዳ ክቡር ዌንደል ፍሪሰን ናቸው። ክቡርነታቸውን ከዚህ በኋላ "አንተ" እላቸዋለሁ፤ ሮኬታቸው የመኪናዬን መስታወት ከሰበረ ወዲህ መከባበሩ ቀርቶብናል። ዌንደል የእህል ማጨጃ መኪና ጠጋኝ ነው። እጁ አያርፍም። የተበላሸ ነገር ካጣ ደኅናውን ይፈታል። አንድ ልጅ አለችው፣ ማርሊ የምትባል፤ አሁን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እሷ ብልህ፣ ዝምተኛና ከአባቷ ይልቅ እጅግ ጠንቃቃ የሆነች ልጅ ናት።

ብስክሌት ሲያስተምራት ኮርቻውን ይዞ ከኋላ እየሮጠ ስድስት ኪሎ ቀነሰ። ልጅቷ መንዳት ከቻለች በኋላ ነው የምላችሁ። ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት የመጀመሪያዋን ትንሽ ሮኬት እዚህ ክበብ ውስጥ መሥራት ጀመረች። ውኃ ልትጠጣ ሄዳ ስትመለስ ክንፎቹ ተለጥፈው አገኘች።

"አባዬ፣ ማነው የለጠፈው?"

"እኔ እኮ እያየሁ ብቻ ነበር" አለ፤ ሙጫው በአውራ ጣቱ ላይ ገና አልደረቀም።

ያን ዕለት ሮኬቷ ስትነሳ ከአምስት ወደ ታች የቆጠርነው ሁላችንም ነን። "አንድ!" ስንል ግን ቁልፉን የተጫነው የማን ጣት እንደሆነ እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው። የማርሊ ጣት ቁልፉ ላይ ነበር፤ የአባቷ ጣት ደግሞ የማርሊ ጣት ላይ። "ነፋስ ነው የገፋኝ" አለኝ። እዚህ አገር ነፋስ አይጠፋም፣ እውነት ነው፤ ግን የሰው አውራ ጣት መርጦ ሲገፋ አላየሁም።

እንግዲህ ይህች ልጅ ባለፈው ክረምት፣ በረዶው መስኮቱን በሸፈነበት ወራት ሁሉ፣ ከእሷ ቁመት በአንድ ክንድ የሚበልጥ ሮኬት ሠራች። ለብቻዋ። የመኪና ማቆሚያ ቤታቸውን ከውስጥ እየቀረቀረች። ዌንደል በር ላይ ቆሞ "ምንም ካስፈለገሽ..." ሲል ይውል እንደነበር ሚስቱ ጆሊን ነግራኛለች። ሮኬቱ የሚነሳው በትልቅ ሞተር ነው፤ ትልቅ ሞተር ለመግጠም ደግሞ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል።

የክበባችን ሕግ እንዲህ ነው። ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ሰባት ዓመት ያለ ልጅ ሞተሩን ራሱ በእጁ ይገጥማል፤ አንድ አዋቂ አጠገቡ እስከቆመ ድረስ። አዋቂው ያያል፣ አይነካም፣ አይመክርም። አደጋ ካየ አንዲት ቃል ብቻ ትፈቀድለታለች፦ "ቁም"። ቃሏ ከወጣች፣ ልክም ሆነ ስህተት፣ የዚያ ቀን ፈተና አለቀ። ይህችን የመጨረሻዋን የጨመርኳት እኔ ነኝ። አባቶች ይከራከራሉ፤ እኔ ደግሞ በዚህ አገር የሐምሌ ፀሐይ ቆሜ መከራከር አልችልም።

ጊዜው አጭር ነው። ሜዳው የሰው እርሻ ነው፤ ስንዴው ታጭዶ እስኪዘራ ድረስ ብቻ ነው የሚያበድሩን። አንዴ ሐምሌ ላይ፣ አንዴ ነሐሴ ላይ እንገናኛለን፤ ከዚያ በኋላ ትራክተሩ ይገባና ለከርሞ ነው።

የሐምሌው ፈተና ዕለት ጆሊን፣ ብልህ ሴት፣ ጎመንና ሥጋ የተሞላ ትኩስ ዳቦ በሁለቱም የዌንደል እጅ አስያዘችው። "እሱ በልቶ እስኪጨርስ እሷ ገጥማ ትጨርሳለች" አለችኝ በጆሮዬ። ዌንደል ዳቦዎቹን እንደ ጧፍ ቀጥ አድርጎ ይዞ ከልጁ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆመ። እኔ መዝገቤን ይዤ ማዶ።

ማርሊ የመመሪያ ወረቀቱን ዘረጋች፤ ነፋሱ እንዳይወስድባት የቅባት ጣሳ ጫነችበት። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እየቀባች አስገባች።

በሞተሩ ከኋላ በኩል የምትገባ አንዲት ጥቁር የጎማ ቀለበት አለች። እሷ ከተረሳች እሳቱ በተፈቀደለት ቀዳዳ መውጣቱን ትቶ በጎን ፈንቅሎ ይወጣል፤ የአንድ ክረምት ሥራ ከስንዴ ቃርሚያ መሃል ይለቀማል። ዌንደል ለራሱ ሮኬቶች ሃያ ዓመት ሙሉ ያችን ቀለበት የሚያስገባት መጨረሻ ላይ ነው። ማርሊ ግን የኋላውን ክዳን አነሳችና ማጥበቅ ጀመረች። ቀለበት የለም።

ዌንደል ጠረጴዛውን አየ። እኔን አየ። እንደገና ጠረጴዛውን አየ። ዳቦዎቹ በእጁ ውስጥ ተጨማደው ጎመኑ መሬት መውደቅ ጀመረ። በዚህ ሰው ስንቴ ስቄያለሁ፤ ያን ጊዜ ግን አንጀቴን በላው። ከተናገረ ፈተናዋ ያልቃል። ዝም ካለ ልጁ እሳት ልትጨብጥ ነው።

"ቁሚ" አለ። በቀስታ ነው ያለው።

የማርሊ እጅ ቆመ። "ምን አየህ?"

"ቀለበቷ።"

ማርሊ ክዳኑን መልሳ ፈታችና ወደ እሱ አዞረችው። ቀለበቷ ቦታዋ ላይ ናት፤ በቅባት ታብረቀርቃለች።

"ወረቀቱ ቀድመሽ አስገቢያት ነው የሚለው። ተራ ቁጥር ሦስት።"

"መጨረሻ ነው እኮ የምትገባው።"

"አባዬ፣ ወረቀቱን አንብበኸው ታውቃለህ?"

"አንብቤዋለሁ እንጂ። ድሮ።"

"ድሮ መቼ?"

"ሳትወለጂ" አለ ዌንደል።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ሎይስ፣ ስህተቱ የኔ ነው። የኔን ስም ሰርዢ። እኔን ከክበቡ አባርሪኝ፣ ምን ቸገረኝ። እሷ ምንም አላጠፋችም።" እውነቱን ነበር። ሕጉን የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ፤ ለዌንደል ካጠፍኩት ነገ ለማን ቀጥ አደርገዋለሁ? "ተቋርጧል" ብዬ ጻፍኩ። በሕይወቴ እንዲህ የከበደኝ ቃል ጥቂት ነው። ማርሊ አላለቀሰችም። ዕቃዋን ሰብስባ፣ ሮኬቷን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ከእናቷ ጋር ሄደች። ብታለቅስ ይሻል ነበር።

የክበቡ ሰው በዌንደል ላይ ያልተናገረው የለም። "አፉንም በዳቦ መድፈን ነበር" ያለም አለ። ሳቁ ሦስት ሳምንት ቆየ። ዌንደል አንድ ቀን ደወለልኝና "ለነሐሴ ሌላ ሰው ይቁምላት" አለኝ። "ሃርላንን ጠይቄዋለሁ፣ እሺ ብሏል።"

"ማርሊ ነች እንዲህ ያለችው?"

"እሷ ምንም አላለችም። እኔ ነኝ። የአንድ ክረምት ልፋቷን ዐይኗ እያየ ገደልኩባት። ደግሜ ብገድለውስ?" ዌንደል ፍሪሰን አንድን ሥራ ለሌላ ሰው ሲተው ስሰማ ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ አዘንኩ።

ሃርላን ጌርትዝ ማለት የሱፍ ፍሬ እየቆረጠመ የሚቀመጥ፣ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ዐረፍተ ነገር የተናገረ ሰው ነው። ሁለቱ ስለ ዝናብ ናቸው። ለተቆጣጣሪነት ከእሱ የተሻለ ሰው የለም ብዬ ስምል ኖሬያለሁ።

ነሐሴ ደረሰ። ያቺ ዕለት የመጨረሻችን ነበረች፤ የሜዳው ባለቤት በማግስቱ ሊያርስ ትራክተሩን ከዳር አቁሞታል። ሃርላን ከጠረጴዛው አጠገብ ቆሟል። ዌንደል ከመኪናው ጋር ስልሳ እርምጃ ርቆ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ የመኪና ጎማ በእግሩ ይነካል። ደኅና ጎማ ነው።

ማርሊ ቅጹን ሞልታ ሰጠችኝ። የተቆጣጣሪ ስም ከሚለው ፊት ለፊት "ዌንደል ፍሪሰን" ይላል።

"ልጄ፣ ጋሽ ሃርላን እኮ ቆሞልሻል" አልኳት።

"እትዬ ሎይስ፣ ጋሽ ሃርላንን እወደዋለሁ። ግን እሱ ብፈነዳም በትህትና ዝም ይላል።"

ሃርላን ቅር አላለውም። ጥቂት አሰበና ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ቅጹ ላይ "ይህን ሰው ለምን መረጥሽ?" የሚል መስመር አለ። ሰዉ ሁሉ "አጎቴ ስለሆነ" "ቅርብ ስለሆነ" እያለ ነው የሚያልፈው። ማርሊ በትናንሽ ፊደል እንዲህ ጽፋለች፦ "እንደምቆጣው እያወቀ ቁሚ ይለኛል።"

መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ። አቧራ ነበረበት፤ ከፈለጋችሁ አትመኑኝ።

"አባዬ" ብላ ተጣራች። "ና እንጂ።"

ዌንደል ዞረ። የሰማው እውነት አልመሰለውም። ስልሳውን እርምጃ እንደ ተከሳሽ መጣ፤ ከጠረጴዛው ደርሶ ቆመና በጣም ቀስ ብሎ ጠየቃት።

"ደግሜ ብሳሳትስ?"

"ለከርሞ እንደግመዋለና" አለችው ማርሊ፤ ወረቀቷን እየዘረጋች።

ዌንደል አንድ ክንድ ርቆ ቆመ፤ እኔ ደግሞ ከጎኑ፣ ትከሻ ለትከሻ። ዳቦ የለም፣ ምንም የለም። ልጅቷ ቀባች፣ አስገባች፣ ወረቀቷን አየች። ተራ ቁጥር ሦስት ላይ ስትደርስ ነፋሱ ወረቀቱን ቀና አደረገው፤ እሱን ልትይዝ ስትል ያቺ ጥቁር ቀለበት ከጣቷ አመለጠችና ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ መንከባለል ጀመረች። ከሥሩ አቧራና ገለባ ነው።

የአንድ ሰው እጅ ተወረወረ። የኔ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የደኅንነት ኃላፊ የሆንኩት፣ ሕጉን የጻፍኩት እኔ፣ ቀለበቷን ልቀልብ ዘልዬ ነበር። ግን እጄ ጠረጴዛው ጋ አልደረሰም፤ አንድ ሰው አንጓዬን ጥርቅም አድርጎ ይዞታል።

"ሎይስ" አለኝ ዌንደል፣ ዐይኑን ከልጁ ሳይነቅል። "ተያት።"

ቀለበቷ ጠርዙ ላይ ስትደርስ ማርሊ በመዳፏ ተቀበለቻት። አንስታ አየቻት፣ ጠረገቻት፣ እንደገና ቀባቻት፣ አስገባቻት። ክዳኑን እስክታጠብቅ ድረስ ዌንደል እጄን አልለቀቀኝም፤ እኔም ልቀቀኝ አላልኩትም።