እቴጌ ኦርቴንሲያ ላዛኛ በልተው ባሕር የገቡበት ዜና

የሕይወት አዳኙ ሲልቫኖ፣ ባለ ፊሽካው፣ ባለ ቀይ ቁምጣው፣ በባሕሩ ዳር ከፍ ባለው ወንበር ላይ በተሰየመ በዘጠነኛው በጋ፣ ሐብሐብ በረከሰበት፣ ቆዳ የሚለበልበው የባሕር ዝልግልግ በጠፋበት ዓመት፣ በወርኃ ነሐሴ፣ በዕለተ እሑድ፣ ምሳ በተበላ ጊዜ፣ ወኮነ ከመዝ፤ እንዲህም ሆነ። ጸሐፌ ትእዛዙ ከጃንጥላው ሥር ተጋድሞ በዓይኑ በብሌኑ ያየውን ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ጥቂት ብቻ አሳምሮ ጻፈው።

እቴጌ ኦርቴንሲያ፣ የስምንት ዓመት ባለ ግርማ፣ አፍንጫቸው በፀሐይ የተላጠ፣ የፊት ጥርሶቻቸውን ለዘመን የገበሩ፣ ፈረሳቸው በትንፋሽ የተነፋ አረንጓዴ አዞ ስለ ነበረ በፈረስ ስማቸው አባ አዞ የተባሉ፣ በዚያች ቀን ልባቸው እጅግ አዝኖ ነበር። የዕረፍቱ ወራት ተፈጽሞ፣ ከባሕሩ ጋር ሳይሰነባበቱ፣ ያንኑ ዕለት በባቡር ወደ ቶሪኖ፣ ባሕር ወደሌለበት ምድር ሊመለሱ ነውና። የአባቶች ሕግ ግን፣ ከምሳ በኋላ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ውኃ የነካ ልጅ በቁርጠት ተይዞ ይሰምጣል ይላል። ባቡሩ ደግሞ ሦስት ሰዓት አይጠብቅም። ለመሆኑ እንዲህ ሆኖ የሰመጠው ልጅ ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ሁልጊዜ የሌላ ሰፈር ልጅ ነው።

የሕጉ ጠባቂ አያታቸው ወይዘሮ ኢዮላንዳ ነበሩ፤ ሰፊ ባርኔጣ የደፉ፣ እንቢ ባይን ሁሉ በግድ በማጉረስ የታወቁ። እርሳቸውም ሳህኑ ሳይነሣ ይህን አዋጅ አስነገሩ፦

«ስሚ አንቺ ልጅ! እግርሽ ውኃ ቢነካ ዋ! ሁለት ሳህን ላዛኛ በልተሽ ባሕር? አንድ ነገር ብትሆኚብኝ ለእናትሽ ምን እላታለሁ? ቁጭ ብለሽ ምሳሽን ፍጪ!»

ወእምዝ፣ ከዚያም በኋላ፣ አዋጅ ነጋሪዋን እንቅልፍ ጥሏቸው፣ ባርኔጣቸው አፍንጫቸው ላይ በወደቀ ጊዜ፣ እቴጌይቱ አዞአቸውን በብብታቸው ሸጉጠው፣ የሚፋጀውን አሸዋ በጣታቸው ጫፍ እየረገጡ፣ በጃንጥላዎቹ መካከል እንደ ድመት አልፈው ባሕር ገቡ። ባሕሩም እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ደረሰ። ገሰገሱ፤ እስከ ጉልበታቸው ደረሰ። ገና ገሰገሱ፤ እዚያው ጉልበታቸው ላይ ቀረ፤ የዚያ አገር ባሕር ሰነፍ ነውና።

ያን ጊዜ ሐብሐብ ይበሉ የነበሩ አንድ ጡረተኛ መድኃኒት ቀማሚ አይተዋቸው፣ ቁራጩን ሳይውጡ ጮኹ፦ «ኧረ የሰው ያለህ! ያቺ ልጅ አሁን ነው እኮ የበላችው! ሁለተኛ ሳህን ሲጨመርላት በዓይኔ አይቻለሁ!» ድምፅ ማጉያውም እንደ ነጋሪት ተጎሰመ፤ የሲልቫኖም አዋጅ እንዲህ የሚል ነበር፦

«ይሰማል? ይሰማል? አረንጓዴ አዞ የያዝሽው ልጅ፣ ባለሽበት ቁሚ! እንዳትተነፍሺ! ማለቴ ተንፍሺ! ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ያዙ! ሐኪም የሆንህ ቅረብ፣ ፎጣ ያለህም ቅረብ!»

ሠራዊቱም ዘመተ። ከፊት ሲልቫኖ፣ ቀይ ጀልባው አሸዋ ላይ ተቀርቅሮበት በገመድ እየጎተተ፤ በቀኝ ፎጣ እንደ ጋሻ ያነገቡ አክስቶች፤ በግራ ሆዳቸውን በእጃቸው የደገፉ አጎቶች፤ በመሐል ደረቅ ካናቴራና ቴርሞሜትር የያዙ እናቶች፤ በደጀን ነገሩ ምን እንደ ሆነ ሳያውቁ፣ ሌላው ስለ ሮጠ ብቻ የሮጡ። ከሁሉ ኋላ ከእንቅልፋቸው የባነኑት ወይዘሮ ኢዮላንዳ፣ በቀሚሳቸው እንደ ተጀቦኑ፣ እንባቸው እየወረደ መጡ፤ በእውነት ደንግጠው ነበርና በዚህ አንሥቅም። «በሞትኩት! እኔን ያስቀድመኝ! በገዛ እጄ አጥግቤ ገደልኩሽ!» ይሉ ነበር።

ደርሰውም እቴጌይቱን ከበቧቸው። አያታቸው የልጅ ልጃቸውን ሆድ ቢዳብሱ፣ ቁርጠት የለም። ያን ጊዜ እቴጌይቱ አዞአቸው ላይ ወጥተው፣ ሠራዊቱን ዙሪያውን ተመልክተው፣ በወላለቀ ጥርሳቸው ይህን አዋጅ ነገሩ፦

«እናንተስ አልበላችሁም እንዴ? ሲልቫኖ ሦስት ሳህን ነው የጨረሰው! ጋሼ መድኃኒት ቀማሚ፣ ሐብሐቡ ገና አፍዎ ውስጥ ነው! እማማ ደግሞ ከሁላችን የበለጠ የበሉት እርስዎ ነዎት! ኧረ ውጡ፣ ልትሰምጡ ነው!»

ሁሉም ወደ ሆዱ ተመለከተ። ቁርጠቱን ጠበቁት፤ ቀረ። ውኃው ግን ለብ ያለ ነበር፤ ለመውጣት የቸኮለ አልተገኘም። ወይዘሮ ኢዮላንዳም፣ ከልጅነታቸው ጀምረው በዚያች ሰዓት እግራቸውን አርሰው የማያውቁት፣ እንባቸውን ጠርገው፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ውኃው ውስጥ ዘፍ አሉና «ባቡሩ ይሂድ! ነገም ባቡር አለ!» ብለው አወጁ። እቴጌይቱም ደስ ብሏቸው አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙ።

ሕጉ ግን አልተሻረም፤ የአባቶች ሕግ እንዲህ በቀላሉ አይሻርም። ማታ በድምፅ ማጉያው እንዲህ ተባለ፦ «ከምሳ በኋላ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ውኃ መግባት እንደ ቀድሞው ክልክል ነው። ልጅ ለማዳን የሚገባን ሰው ግን አይመለከትም።»

በነጋታው ምሳ ተበላ። ሕዝቡም የመጨረሻውን ጉርሻ ሳይውጥ ፎጣውን አንግቦ፣ በውኃው ዳር ተሰልፎ እቴጌይቱን ይመለከት ጀመር። መድኃኒት ቀማሚውም ስለ ሁሉ ሆነው ለመኑ፦ «የኔ እናት፣ እባክሽ ቶሎ ግቢልን፣ እናድንሽ!» እርሳቸውም ሕዝባቸውን አላሳፈሩም። የዚያን ቀንም ባቡር ያለ እነርሱ ሄደ።

እንግዲህ ለእቴጌ ኦርቴንሲያ፣ ለአባ አዞ፣ ጠግበው ለገቡት፣ አገር ሙሉ ጎልማሳ ከጉልበት ጥልቀት ላዳኑት፣ ክብር ይሁን፤ ጥርሳቸው በሰላም ይብቀል፣ አዞአቸውም አይተንፍስ።