ሳሙና ከምግብ በኋላ

የሳሙና ሥራ ቅባት ማስለቀቅ ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ዘመድ የላችሁም? እኔ አለኝ። አጎቴ ጋሽ ሰይድ ከምግብ በፊት የጣታቸውን ጫፍ ውሃ ያስነካሉ፤ ከምግብ በኋላ ግን በሳሙና እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ። "ያልበላ እጅ ምን ቆሻሻ አለው?" ይላሉ።

አምና ለልጃቸው ሚስት ልንጠይቅ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። መንገድ ላይ የሚኒባሱ ጎማ ተንፍሶ ስለነበር አጎቴ ሾፌሩን ጎማ በመቀየር አገዙት። የልጅቷ እናት ነርስ ናቸው። ምሳ ሲቀርብ ውሃና ሳሙና ይዘው የመጡት ራሳቸው ናቸው።

"ሳሙናው በኋላ ይደርሳል፣ ሲስተር" አሉ አጎቴ።

"አሁን ነው የሚያስፈልገው" አሉ ሲስተር፤ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙም ከፊታቸው ቆሙ።

አብረውን የመጡት ሽማግሌዎች አቀረቀሩ። ጋብቻው በአንድ ሳሙና ሊፈርስ ነው ብዬ አጎቴን በክርኔ ጎሰም አደረግኳቸው። ታጠቡ። ከእጃቸው የወረደው ውሃ ጥቁር ነበር። አጎቴ ትክ ብለው አዩትና "የኮምቦልቻ ውሃ ይደፈርሳል እንዴ?" ብለው ጠየቁ።

ከምሳ በኋላ ሲስተር መልሳቸውን ሰጡ። "ልጄን ሰጥቻችኋለሁ፤ አላህ ያሳምረው። ነገ የልጅ ልጅ ሲመጣ ግን፣ ጋሽ ሰይድ፣ እጅዎን በሳሙና ሳይታጠቡ አያቅፉትም።"

አጎቴ ጉዳዩን በጥሞና አሰቡበት።

"ምንም ሳልበላ ባቅፈውስ?" አሉ።