«አንተ» የተባልንበት ግማሽ ቀን

የክፍላችን ታሪክ ሲጻፍ (መጻፉም አይቀርም፤ ቃለ ጉባኤውን የምይዘው እኔ ነኝና) ከሁሉ በፊት በደማቅ ቀለም መስፈር ያለበት አንድ ቁም ነገር አለ፦ በስድስት ዓመት ውስጥ ማንንም አላዋረድንም። ሥራ አዘግይተን ይሆናል። ሰው ፀሐይ ላይ አቁመን አውለን ይሆናል። ያቆምነውን ሁሉ ግን ያቆምነው በክብር ነው።

ክፍሉ «የአስተርጓሚ ጥገናና ማፋጠኛ ክፍል» ይባላል። በሩ ላይ የተለጠፈውን እያዩ የጋብቻ ወረቀት ሊያስተረጉሙ የሚገቡ ሰዎች በሳምንት ሁለት ሦስት አይጠፉም። የእኛ አስተርጓሚ ግን ሰው አይደለም፤ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራም ጸሐፊዎች «ስሙን መዝግብ»፣ «ካርድ ስጥ» እያሉ በገዛ ቋንቋችን የሚጽፉትን ትእዛዝ መስመር በመስመር እያነበበ ለኮምፒውተሩ ያስረዳል። ኮምፒውተር በራሱ ምንም አይገባውም። ሲነገረው ግን ወዲያው ይሠራል፤ ከእኛ የሚለየውም በዚህ ነው።

ድሮ አስተርጓሚያችን ፈጣን ነበር ይባላል። ፈጣን ብቻ ሳይሆን ባለጌም ነበር። አንድ ቀን የዚያን ጊዜው ምክትል ኃላፊ የይለፍ ቃላቸውን ሲያዛቡ ኮምፒውተሩ «ተሳስተሃል» አላቸው። ሰውየው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ።

«ሃል?» አሉ አጠገባቸው ወዳለው ባለሙያ ዞረው። «እኔን ነው ሃል ያለኝ?»

ያ ባለሙያ ዛሬ አንጋፋው የምንላቸው ናቸው። በዚያው ሳምንት እስካሁን የምንኮራበትን ሥራ ሠሩ። ከዚያ ወዲህ አስተርጓሚው ማንኛውንም መስመር ከመፈጸሙ በፊት ፊቱ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ይጠይቃል። የማዕረግ መዝገቡን ይከፍታል። ከዋናው ኃላፊ እስከ መጨረሻው ዘበኛ ስም በስም ያነባል። ሰውየው «አንተ» ይሁን «እርስዎ» ካረጋገጠ በኋላ መዝገቡን ዘግቶ መስመሩን ይፈጽማል። ለሚቀጥለው መስመር ደግሞ መዝገቡን እንደ አዲስ ይከፍታል። ምናልባት ስህተት ተፈጥሮ መናገር ቢያስፈልግ ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት። ስሙ ከመዝገቡ ያልተገኘ ሰውስ? ያልተሾመ ሰው ነገ የማይሾምበት ምክንያት ስለሌለ፣ ለጥንቃቄ ሲባል «ክቡር» ወይም «ክብርት» ይባላል።

በዚህ አስተርጓሚ ከሚገለገሉት አንዱ የዓይን ክሊኒኩ ካርድ ክፍል ነው። የካርድ ክፍሉ ፕሮግራም አራት ሺህ መስመር አለው። አንድ በሽተኛ መስኮቱ ጋ ሲቀርብ መዝገቡ አራት ሺህ ጊዜ ይከፈታል፤ በሽተኛው እዚያ ውስጥ ስለማይገኝም አራት ሺህ ጊዜ እስከ ዘበኛው ይነበባል። አንድ ካርድ አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። መስኮቱ ሁለት ሰዓት ተከፍቶ ስድስት ሰዓት ስለሚዘጋ በቀን ሃያ አንድ ሰው ይስተናገዳል። የቀረውን፣ ክሊኒኩ የዓይን ስለሆነ፣ ማሽኑ በድምፅ ማጉያ ያሰናብተዋል፦ «ክቡራን ሆይ፣ ነገ እንዲመለሱልን በታላቅ አክብሮት እንለምናለን።» ወረፋው በየቀኑ አዲስ ነው። ቀድመው የሚይዙትም መንገዱን አይተው በፍጥነት የሚራመዱት፣ ማለትም ዓይናቸው ደህና የሆነው ናቸው።

ክፍላችን ውስጥ ችኩሏ የምንላት ባለሙያ አለች። ቅጽል ስሙ የወጣላት አንድ ጊዜ ሥራ በቀጠሮው ቀን ስላስረከበች ነው። የችኩሏ እናት ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ለብሷል። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ለሁለት ወር ብቻ ነው የመጣው፤ ከሄደ በዓመቱ ነው የሚመለሰው። ለእናትየው ደግሞ ዓመት ከጠበቁ ሊረፍድ እንደሚችል ነግሯቸዋል። የቀራቸው ነገር ካርድ ማውጣት ብቻ ነበር።

ችኩሏ ችግሩን አገኘችውና በውይይት ገጻችን ላይ እንዲህ ስትል አሰፈረች፦ «መዝገቡን ለአንድ በሽተኛ አንድ ጊዜ ጠይቅና አስታውስ። የምትጨመረው አንዲት መስመር ናት። ሞክሬያታለሁ፤ አሥራ አንዱ ደቂቃ አራት ሴኮንድ ይሆናል።»

የውይይት ገጻችን ማንኛውም ለውጥ ከመጽደቁ በፊት አስተያየት የሚሰጥበት፣ የዴሞክራሲያችን መገለጫ ነው። የመጀመሪያው አስተያየት የአንጋፋው ነበር። «ሐሳቡ በጎ ነው። ሆኖም አስተርጓሚው ‹ጠይቅ› መባሉ ቅር አሰኝቶኛል።» በዚህ ላይ ዘጠኝ ቀን ተወያየን። «ይጠይቁና ያስታውሱ» ተብሎ ሲታረም ሁላችንም እፎይ አልን።

ከዚያ ጉዳዩ በአካል እንዲታይ የዘወትር የጠዋት ስብሰባ ተጠራ። ስለዚህ ችኩሏ እናቷን ለማፋጠን ስትሰበሰብ ወረፋ የሚይዝላቸው ሰው ጠፋ። ጎረቤት በር ድረስ አድርሷቸው ይመለሳል።

«ሰውየው ማሽኑ ፊት ቆሞ ሳለ ቢሾምስ?» አሉ አንጋፋው።

«በአራት ሴኮንድ ውስጥ?» አለች ችኩሏ።

«ሹመት ቀጠሮ አለው እንዴ?»

«በስድስት ዓመት ስንት ጊዜ ደርሷል?»

«አንድም ጊዜ።»

«እና ታዲያ?»

«አንድም ጊዜ ስላልደረሰ እኮ ነው የሚያስፈራው። ልምዱ የለንም።»

ሰብሳቢያችን እስክሪብቷቸውን ወደ እኔ ቀስረው «ይመዝገብ» አሉ። መዘገብኩ።

በዚህ መሃል የችኩሏ ስልክ ጮኸ። ጠረጴዛ ስር ሆና ብታነሳውም ሁላችንም እንሰማ ነበር።

«ስንተኛ ነሽ እማዬ?»

«ሠላሳ አራተኛ ነሽ ይሉኛል፤ እኔ እንደሆን ከፊቴ ያለውን ሰው ኮትም አላየው። ልጄ፣ ማሽኑ ግን ጨዋ ነው። ክብርት፣ ክብርት ይለናል። ብቻ አያስገባንም።»

ችኩሏ ስልኩን ዘግታ ብድግ አለች። «እናቴ ልትታወር ነው!» አለች። «በአንዲት መስመር ምክንያት እናቴ ልትታወር ነው! ይገባችኋል?»

ሰብሳቢያችን የስብሰባ ሥነ ሥርዓት የሚያውቁ ሰው ናቸው። በትዕግሥት አስጨርሰዋት ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ። እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ «አባሏ ስለ ዓይን ጤና አስፈላጊነት ሰፊ ማብራሪያ ሰጥተዋል» ብዬ አሰፈርኩ። እውነቱን ለመናገር ያን ስጽፍ እጄ ከብዶኛል። ግን ጻፍኩት።

ኮሚቴው ግን ልበ ደንዳና አልነበረም። የመጨረሻው ውሳኔ እስኪደርስ በሽተኞች እንዲጽናኑ፣ ማሽኑ በየመሃሉ «እየፈጠንን ነው» እንዲል በአስቸኳይ ተወሰነ። ይህን ለማለትም ለማን እንደሚናገር ማጣራት ስላለበት አንዱ ካርድ አሥራ ሁለት ደቂቃ ገባ። በቀን የሚስተናገደው ሰው ሃያ ሆነ።

በአርባ ሰባተኛው ቀን፣ አስተያየቱ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት በደረሰ ጊዜ፣ ሰብሳቢያችን ፈገግ ብለው ገቡ። ዋናው ኃላፊ «የፍጥነት ሥራችሁን መጥቼ አየዋለሁ» ብለው ነበር።

«ለአንድ በሽተኛ አንድ ጊዜ ነው አይደል ያልሽው?» አሏት።

«አዎ፤ አንድ ጊዜ።»

«ካፈጠንን አይቀር በቀን አንድ ጊዜ ይሁን!»

ጭብጨባ ሆነ። ችኩሏ እስኪበርድ እንኳ አልጠበቀችም። «ኧረ እንደሱ አይሆንም! በቀን አንድ ጊዜ ከሆነ ጠዋት መጀመሪያ የነካውን ሰው ነው ቀኑን ሙሉ የሚያስታውሰው። ሌላው ሁሉ እሱ ይመስለዋል!»

«አስታዋሽነት መልካም ጠባይ ነው» አሉ ሰብሳቢያችን።

ሐኪሙ ሊሄድ አምስት ቀን ቀርቶታል። ችኩሏ ጣቶቿን ቆጠረችና ተቀመጠች። እኔም «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ ጠዋት ክሊኒኩ ውስጥ ቀድሞ የሚገባው፣ እንደ ወትሮው፣ ዘበኛው ነው። በር ይከፍታል፤ መብራት ያበራል፤ ኮምፒውተሩንም ይለኩሳል። ማሽኑ ማን እንደሆነ ጠየቀው። ስሙን ጻፈ። ማሽኑ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አነበበ፤ ዘበኛውን መጨረሻው መስመር ላይ አገኘው። ዘጋውና አስታወሰ።

ሁለት ሰዓት ሲሆን መስኮቱ ተከፈተ። አንደኛው ተራ ተጠራ።

«አንተ! ካርድህ ደርሷል፤ ግባ!» አለ ድምፅ ማጉያው።

ግቢው ውስጥ የቆመው ሰው ደነገጠ። ሁለተኛው ሳይጠጋ ደግሞ «አንተ! ግባ! የምን መገተር ነው?» አለ። (ይህችኛዋ ከአንጋፋው ዘመን በፊት ተጽፋ የተረሳች ዓረፍተ ነገር ናት።) ወይዘሮዎች «አንተ» ተባሉ። ጡረታ የወጡ ዳኛ «አንተ» ተባሉ። ሁሉም ገባ። ሠላሳ ስድስተኛዋ የችኩሏ እናት ነበሩ። በትራቸውን ተደግፈው ገና መስኮቱን ሲዳብሱ «አንተ! ቀኝህን ነው ግራህን? ግባ!» አላቸው። እሳቸውም «ሁለቱንም ነው፤ እሺ ጌታዬ» ብለው ገቡ።

ሦስት ሰዓት ላይ ግቢው ባዶ ነበር። ካርድ ጸሐፊዋ ሰዓቷ የቆመ መስሏት ጠረጴዛው ላይ ደጋግማ መታችው። ሐኪሙ እናትየውን አይቶ ለሦስተኛው ቀን ቀጠራቸው፤ በቀጠሮውም የግራ ዓይናቸውን ሞራ ገፈፈላቸው። ቀኙን በዓመቱ ሲመለስ ሊሠራው ጻፈላቸው።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ግን ዋናው ኃላፊ ክሊኒኩ ደረሱ። ሰብሳቢያችን ፍጥነትና ክብር እጅ ለእጅ ተያይዘው ስለመጓዛቸው አጭር ንግግር አደረጉ፤ ሃያ ደቂቃ ነው። ከዚያ ዋናው ኃላፊ የይለፍ ቃላቸውን በገዛ እጃቸው ጽፈው ሥራውን እንዲመርቁ ተጋበዙ። ጻፉ። አንዲት ፊደል አመለጠቻቸው።

«ተሳስተሃል!» አለ ድምፅ ማጉያው። «እንደገና ሞክር!»



«ሃል?» አሉ ዋናው ኃላፊ።

እንደገና ጻፉ።

«አሁንም ተሳስተሃል! ረጋ ብለህ ጻፍ እንጂ!»

እዚህ ላይ የክፍላችንን ብቃት ሳላነሳ ባልፍ ታሪክ ይፈርድብኛል። አርባ ሰባት ቀን የመከርንበት መስመር በዘጠኝ ደቂቃ ተነቀለ። ውይይት የለ፣ አስተያየት የለ፣ ጥናት የለ። እንዲህ ፈጥነን አናውቅም። ችኩሏም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ «ክብርት ሆይ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ደብዳቤውን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ።

ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አስተያየት አንብቤ ስለ ነበር ዓይኔ ደከመ። በወሩ መነጽር ላስለካ ወደዚያው ክሊኒክ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ሳይሆን ብደርስም ሠላሳ አራተኛ ሆንኩ። የችኩሏ እናት ለመነጽር መጥተው ከፊቴ ቆመዋል። አሁን አንድ ዓይን ስላላቸው ቀድመውኛል። ወረፋው አይንቀሳቀስም። ድምፅ ማጉያው በየመሃሉ «ክቡር ሆይ፣ እየፈጠንን ነው» ይላል።

እናትየው ዞር ዞር ብለው ዘበኛውን ጠሩት። «ልጄ፣ ያ ባለጌው የት ሄደ?»

«የቱ ባለጌ እማማ?»

«ያ አንተ፣ አንተ የሚለው።»

«አባረሩት እኮ።»

«ውይ! እሱ አይደል ያስገባኝ!» አሉ ከልባቸው አዝነው። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ በእጄ ያለውን ማስታወሻ ደብተርም አዩ። ማየት ከጀመሩ ወዲህ የሚያመልጣቸው ነገር የለም። «አንተ ልጅ፣ ጸሐፊ ትመስላለህ። እስቲ ማመልከቻ ጻፍልኝ።»

«ምን ብዬ እማማ?»

«ከዛሬ ጀምሮ አንተ እንድባል በትሕትና አመለክታለሁ በል።»

«አንቺ ማለትዎ ነው?»

«አይ፤ አንተ። የሚያስገባው እሱ ነው።»

ስድስት ዓመት ሙሉ ያልተባለ ስጽፍ የኖርኩ ሰው፣ ያን ቀን የተባለውን ቃል በቃል ጻፍኩ። እሳቸው ፈረሙ። ከኋላዬ የነበሩት ጡረተኛው ዳኛ «እኔንም አንተ በሉኝ» ብለው ፈረሙ። ደብተሩ ወረፋውን ዞሮ ወደ እኔ ሲመለስ ስድስት ሰዓት ሆኖ ድምፅ ማጉያው «ክቡራን ሆይ፣ ነገ እንዲመለሱልን በታላቅ አክብሮት» ማለት ጀምሯል። እሱ ሳይጨርስ እኔም ፈረምኩ።

እስክሪብቶውን ለዘበኛው ዘረጋሁለት። በሩን ሊዘጋ ቁልፍ እየፈለገ ነበር።

«እኔን ተወኝ» አለ። «እኔ ድሮም አንተ ነኝ።»